የሰቆጣ ስምና የሰው ገበታ

ዛሬ ከበላሁት ራት ልጀምር። ነገሩ የሆድ ጉዳይ ቢመስልም የሆድ ብቻ አይደለም።

ባለፈው ዓመት በአንድ የጥናት ጉባኤ ምክንያት ዋሽንግተን ሳለሁ፣ የጥንት የዩኒቨርሲቲ ባልንጀሮቼ ቴፓንያኪ ወደሚቀርብበት የጃፓን ምግብ ቤት ወሰዱኝ። እንግዶች በሰፊ የብረት ምጣድ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አብሳዩ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ሥጋውን ይከትፋል፣ ቢላዋውን ያሽከረክራል፣ የሽንኩርት ቀለበት ደራርቦ እሳተ ገሞራ ያስመስላል። የአንድ ሰው ሒሳብ በብር ሲሰላ ከወር ደመወዜ የሚያስተርፈው ጥቂት ነበር።

ሥጋው ሲቀርብ አንዱ ወዳጄ «በል የሰቆጣ ልጅ፣ የሰባ ሰባትን አካክስ!» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ በዚያ ሳቄ እስካሁን ራሴን እወቅሳለሁ። በሰባ ሰባት የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ከዋግ ወደ ኮረም አራት ሆነን ሄደን ሦስት ሆነን ተመልሰናል። ሌላው ወዳጄ ነገሩን ሊያርም ፈልጎ «እውነት ግን እኛ እዚህ ስንበላ፣ እዚያ ሕፃናት…» ብሎ ሹካውን አስቀመጠ። ከአንድ ደቂቃ በኋላም መልሶ አነሣው።

ጠቤ ከቀልደኛው ይልቅ ከዚህ ከሁለተኛው ጋር ነው። ቀልደኛው ቢያንስ ጻድቅ ነኝ አላለም።

ድግስንና ረሃብን ጎን ለጎን አቁሞ ማሳፈር በአገራችን የቆየ ሙያ ነው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ የጆናታን ዲምብልቢ የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተሰናስሎ በቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ፊልሙን ያሳየን መንግሥት ግን ልክ በዐሥረኛ ዓመቱ፣ በመስከረም 1977፣ እኛ ስንራብ የአብዮቱን በዓል በታላቅ ድግስ አከበረ። እንግዲህ ያ ሁሉ ኀፍረት ለማን እንጀራ ሆነ?

ለመሆኑ የዚያ ብረት ምጣድ ታሪክ ምንድን ነው? ቴፓንያኪን ያስጀመረው ሚሶኖ የተባለው ምግብ ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1945 በኮቤ ከተማ ነው። ኮቤ በዚያው ዓመት መጋቢትና ሰኔ በአየር ድብደባ የነደደች፣ ሕዝቧም የተራበባት ከተማ ነበረች። ዛሬ «ኮቤ» ሲባል ማን ረሃብን ያስባል? የዓለም ሰው የሚያስበው ውድ የበሬ ሥጋ ነው። «ሰቆጣ» ሲባል ግን አርባ ዓመት ሙሉ የሚታሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ማራችንን፣ ፍየላችንን፣ ኽምጣንጛ ቋንቋችንን የሚያነሣ ስንት ነው?

ጃፓኖች ከጦርነቱ በኋላ እርዳታ ተቀብለዋል፤ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት የዱቄት ወተት ጠጥተዋል። በኋላም የኮሪያ ጦርነት ገበያ አግዟቸዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1954 የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ አወጡ። የሕፃን ሳህን የባለጸጋ ርኅራኄ መሆኑ ቀርቶ የሕግ ጉዳይ ሆነ።

እኛም ቃል ገብተናል። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ታወጀ፦ እ.ኤ.አ. እስከ 2030፣ በእኛ አቆጣጠር እስከ 2022፣ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ መቀንጨር ይወገዳል። ስሙ ከእኛ ተወሰደ፤ አዋጁ ግን የተነገረው አዲስ አበባ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገሪቱ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በ2019 አገራዊው አሐዝ 37 በመቶ ሆነ። በሦስት ዓመት አንድ ነጥብ! ከዚያ ወዲህ በዋግ ላይ ጦርነትም መፈናቀልም ድርቅም ተፈራርቀዋል።

«ገንዘብ የለም» የሚለኝ ካለ፣ ስለ ሌላ ራት ላስታውሰው። በግንቦት 2011 በቤተ መንግሥት «ገበታ ለሸገር» በተባለው ራት የአንድ ሰው ሳህን 5 ሚሊዮን ብር ነበር፤ ገንዘቡ ለአዲስ አበባ የወንዝ ዳር ልማት ነው። በቀጣዩ ዓመት «ገበታ ለሀገር» ሲታወጅ፣ ለጎርጎራ፣ ለወንጪና ለኮይሻ፣ ሳህኑ ወደ 10 ሚሊዮን አደገ። መናፈሻን አልጠላም፤ ጎርጎራም ያማረ ሥፍራ ነው። ነገር ግን በምግብ ስም ገንዘብ የማሰባሰብ ችሎታ እንዳለን ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ስለዚህ ሹካህን ላስቀመጥኸው ወዳጄ ይህን እላለሁ፦ ሹካህን አንሣ፣ ብላም። በእኔና በአገሬ ልጆች ስም አትዘን። ማዘን ካስፈለገህ ጠይቅ፦ በየወረዳው፣ በዝቋላ፣ በሳህላ፣ በአበርገሌ፣ በዚህ ዓመት ስንት ሕፃን ቁመቱ ተለካ? ስንቱ አጥሮ ተገኘ? አሐዙ በየጤና ጣቢያው ደጃፍ፣ በአማርኛም በኽምጣንጛም፣ ለምን አይለጠፍም? ያ የቴፓንያኪ አብሳይ ምን ያህል ሥጋ፣ ምን ያህል ዘይት እንደተጠቀመ ስምንት ሰው ተቀምጦ ያየዋል። የእኛ ሕፃናት ቃል ኪዳን ግን የሚበስለው በተዘጋ ወጥ ቤት ነው።

እስከ 2022 አራት ዓመት ገደማ ቀርቷል። በዚያን ጊዜ ሁለት ዓመት የማይሞላቸው የሚለኩ ሕፃናት ገና አልተጸነሱም። እናቶቻቸው ግን ዛሬ በጽጽቃ ጀሪካን ተሸክመው ውኃ የሚቀዱ ልጃገረዶች ናቸው፤ ጠዋት ምን በልተው እንደወጡ የጠየቃቸው የለም።