የምሁሩ ዕዳና የላስታ አርሶ አደር

ዕውቀት ከማን ላብ ይመነጫል? ለማንስ ያገለግላል? ይህ ጥያቄ ምሁራን በጉባኤ አዳራሽ ብቻ የሚመላለሱበት ሊሆን አይገባውም። በሬውን ሸጦ ልጁን ትምህርት ቤት የላከ የላስታ አርሶ አደር፣ በፋብሪካ ላቡን የሚያፈስ ሠራተኛ፣ በየቀበሌው የሚኖር ሠርቶ አደር ሕዝብ ሁሉ ሊያነሣው የሚገባ መሠረታዊ ጥያቄ ነው። ልጆቻችን ጥቁር ካባ ለብሰው ሲመረቁ እልል እንላለን። እልልታው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከእልልታው በኋላ መተሳሰብ ያለበት ሒሳብ ዘወትር ሳይተሳሰብ ይቀራል።

ሒሳቡ የሚጀምረው ከመሠረቱ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር ሲጀምር፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ሲቋቋም፣ ወጪውን የተሸከመው ፊደል ያልቆጠረው ገባር ነበር። ዛሬም የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚቆመው በሕዝብ ግብር ነው። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ተመራቂው የወጪ መጋራት ክፍያ እንደሚፈጽም አይካድም። ይሁን እንጂ ስሙ ራሱ እንደሚያስረዳው ክፍያው የወጪውን ከፊል እንጂ ሙሉውን አይሸፍንም። የቀረው ዕዳ በገንዘብ የሚቆጠር ሳይሆን በሥራ የሚከፈል ነው።

ታዲያ ተመራቂው ዕዳውን መክፈሉ በምን ይለካል? ብዙዎች መለኪያው አገር ውስጥ መቅረት ወይም ከአገር መውጣት ይመስላቸዋል። ይህ የችኮላ ፍርድ ነው። የፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ታሪክ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። ወሎንኮሚ በምትባል ሥፍራ በሣር ጎጆ የተወለዱት እኚህ ሰው፣ በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲው አካል ከነበረው ከአለማያ የእርሻ ኮሌጅ በ1965 ዓ.ም. ተመርቀው ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ የማስተማርና የምርምር ሕይወታቸውንም በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ አሳለፉ። ልባቸው ግን ከማሽላው አልተለየም። አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም የማሽላውን ሥር ወግቶ የሚመጠምጥ የገበሬ ጠላት ነው። ዘሩ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆይና የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ሲደርሰው ይበቅላል። ፕሮፌሰሩና ባልደረቦቻቸው ይህን የመቀስቀሻ ንጥረ ነገር እጅግ በጥቂቱ የሚያመነጩ የማሽላ ዝርያዎችን ለይተው አዳቀሉ። ከእነዚህም ጎቢዬና አብሽር የተባሉት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለአገራችን ገበሬዎች ተለቀቁ። በ2002 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማት የተሰጣቸውም ስለዚሁ ሥራ ነው። ለሰሜን ወሎ ቆላ ማሽላ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው፣ ባሕር ማዶ ተቀምጦ ዘር የላከ ምሁር አዲስ አበባ ተቀምጦ ወንበር ብቻ ካሞቀው ምሁር ይልቅ ለላስታ ቅርብ ነው።

በአንጻሩ እዚሁ አፈር ላይ ቆመው የተሟገቱም አሉ። በ1955 ዓ.ም. የተመረቁት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር በ2015 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ፣ ዘር የገበሬው ሀብት እንጂ የባዕዳን ኩባንያዎች የግል ንብረት ሊሆን አይገባውም በማለት የአፍሪካን ቃል በዓለም አቀፍ የድርድር መድረክ አሰምተዋል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት በበኩላቸው በታሪክ ምርምራቸው የዛጉዌን ዘመን ከአፈ ታሪክና ከጽሑፍ ምንጮች አገናዝበው አጥንተዋል። ለላሊበላ ነዋሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአሥራ አንዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ጥላ ሥር የሚኖር ሕዝብ የራሱን ታሪክ ከአገሩ ልጅ ብዕር ማንበቡ የክብር ጉዳይ ነውና።

በሕግ ሙያም ምሳሌ አናጣም። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ የተመረቁት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ናቸው። ማኅበሩ ጠላፊዋን ገድላ በነፍስ ግድያ ለተከሰሰች ታዳጊ ቆሞ ተከራክሯል። ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ በማግባቱ ከቅጣት ያመልጥበት የነበረው ድንጋጌ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የተሻረው እንዲህ ያለ ትግል ከተካሄደ በኋላ ነው። ወይዘሮ መዓዛ ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ማገልገላቸው ይታወቃል። ለገጠር እናት ግን ከሹመቱ ይልቅ የሚበልጥባት ልጇ ውኃ ቀድታ በሰላም መመለሷ ነው።

የእነዚህ ሰዎች ሙያ ይለያያል፤ መለኪያው ግን አንድ ነው። ይኸውም ከሕዝብ የተወሰደው ዕውቀት ዞሮ ወደ ሕዝብ ተመልሷልን የሚለው ነው።

ሆኖም ስመ ጥሮችን በመቁጠር ብቻ መርካት ሌላው ስሕተት ነው። አንድ ኮከብ ሌሊቱን አያነጋውም። በ1947 ዓ.ም. ከተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ወጥተው በየገጠሩ የዘመቱ ጤና መኮንኖች ስማቸው በአደባባይ አይጠራም፤ ሥራቸው ግን የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮም በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አማካይነት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር፤ አብዛኞቹም አስተማሩ። በዚያው ዓመት ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ መውጣቱ መዘንጋት የለበትም። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅና የጊዜው መንግሥት ነገሩን ሸፋፍኖ ለማለፍ ሲሞክር፣ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ከሥፍራው ያመጧቸውን ፎቶግራፎች በግቢያቸው አሳይተው እውነቱን አጋለጡ። ሕዝቡን በዓይኑ ያየ ምሁር ዝም ሊል አልቻለም።

እዚህ ላይ ሒሱ ወደ ራሳችንም ይዞራል። ዛሬ ዕውቀት እንደ ቀድሞው ሩቅ አይደለም፤ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን ወሎ ያስተምራል። በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ አካባቢው ሲዘልቅ ንብረቱ ተዘርፎና ወድሞ ዳግም ተነሥቷል። ላሊበላም በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ፣ ቀጥሎም በጦርነቱ ምክንያት እንግዳ ርቋት ብዙ ቤተሰብ እንጀራውን አጥቷል። በዚህ ሁኔታ ተመርቆ የመጣው ወጣት ሥራ አጥቶ ከወላጁ ደጃፍ ሲቀመጥ፣ «ተምሮ ምን ፈየደ?» እያሉ መዘባበት ፍትሕ አይደለም። ዕዳ የሁለት ወገን ነው። ምሁሩ ለሕዝቡ የአገልግሎት ዕዳ አለበት፤ ኅብረተሰቡም ለምሁሩ የሥራ መስክ የመክፈት ዕዳ አለበት። ባለሙያውን ከባዕድ ቆጥሮ የሚያገል ቀበሌ፣ ልጆቹ ከድተውኛል ብሎ ሊከስ አይችልም።

ስለሆነም የአንድ ዓመት የተመራቂዎች አገልግሎት ከዘመኑ ጋር ተጣጥሞ እንዲመለስ መጠየቅ ይገባል። አገልግሎቱ ግን ለይስሙላ የሚደረግ ጉዞ መሆን የለበትም፤ ሙያና ሥራ የተገናኙበት ይሁን። የግብርና ተመራቂው በተራቆተው ተዳፋት እርከን ሥራ ላይ ይሰለፍ። መሐንዲሱና የቅርስ ባለሙያው ዝናብና ፀሐይ የሚፈታተኑትን የላሊበላ ዓለት ይጠብቁ። መምህሩ ወደ አቡነ ዮሴፍ ግርጌ ይውጣ። መንግሥት አበሉንና መሣሪያውን ያቅርብ። የነዋሪዎች ማኅበራትና እድሮች ደግሞ ማደሪያ ያዘጋጁ፤ የአካባቢያቸውን ተመራቂዎች በሙያ መዝግበው ይያዙ፤ ሥራው መፈጸሙንም በስብሰባቸው ይቆጣጠሩ።

የላስታ ሰው ዓለት ፈልፍሎ ቤት የሠራ ሕዝብ ነው። ያ ሥራ የተፈጸመው ንድፍ ያወጣው አእምሮና መዶሻ የጨበጠው ክንድ በአንድ ቦታ ስለተገናኙ ነው። ዛሬም የሚያስፈልገን ይኸው ነው። ዲግሪ በግድግዳ ላይ ሲሰቀል ጌጥ ነው፤ በሕዝብ መሐል ሲሠራበት ግን ኃይል ነው። ጌጡን ኃይል ማድረግ የተማረውም ያስተማረውም ወገን የጋራ ግዴታ ነው።