ጸንቶ መቆምን አስቀድሞ ማስተማር

የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ለፈጣሪ ክብር ጭምር ይጫወቱት የነበረውና በ2004 እ.ኤ.አ. የሜሪላንድ ግዛት የቡድን ስፖርት ተብሎ በሕግ የተሠየመው ላክሮስ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሠፈሩበት በዚያ ግዛት ለልጆቻችንም ቅርብ ስለሆነ፣ አሠልጣኞች ማጥቃትን ስለሚያስተምሩበት ሥርዓት አንድ ቃል መናገር ይገባኛል።

የስድስቱን አጥቂዎች እንቅስቃሴ በሰሌዳ ሥሎ ለሕፃናት ማስጠናት ከንቱ ድካም ነው፤ ሕፃኑ መስመሩን ያጠናል እንጂ ምሥጢሩን አያስተውልም። ይልቁንስ ሁለቱን ብቻ ለይቶ፣ አንዱ በጓደኛው ተከላካይ መንገድ ላይ እንደ ዓምድ ጸንቶ እንዲቆም፣ ኳሱን በመረብ በትሩ የያዘውም ትከሻው ትከሻውን እስኪነካ ተጠግቶት እንዲያልፍ፣ ተከላካዮቹ ማን ማንን እንደሚይዝ ሲያመነቱም ከለላ የሆነው ዞሮ ወደ ግቡ እንዲገሠግሥና ኳሱን እንዲቀበል ማለማመድ ይበልጣል። ከለላው እየተንቀሳቀሰ ተከላካዩን ቢያግድ ጥፋት ስለሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው መቆምን ነው፤ ለልጅ ደግሞ ከመሮጥ ይልቅ መቆም እንደሚከብድ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቀዋል። በካናዳ፣ ከበረኛው በቀር አምስት ብቻ ሆነው በሳንቃ በታጠረ ጠባብ ሜዳ ስለሚጫወቱ፣ ይህ ጥበብ ከልጅነት ጀምሮ ይለመዳል።

ግብ ሲቆጠር የአግቢውና የአቀባዩ ስም በመዝገብ ይሠፍራል፤ መንገዱን የከፈተው ከለላ ግን ይዘነጋል፤ ይህም ታላቅ ግፍ ነው። ስለዚህ እናንተ አሠልጣኞች ሆይ፣ ከጨዋታ በኋላ በጓደኞቹ ፊት አስቀድማችሁ የምታመሰግኑት እርሱን ይሁን።