ዝምታ ዜሮ አይደለም

«ዝምታ ወርቅ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ከሩቅ ኮምፒውተር የሚመጣ ዝምታ ግን ምርመራ የሚሻ ጥያቄ ነው። ጅግጅጋ ላይ ተቀምጦ አዲስ አበባ በሚገኝ ኮምፒውተር ስሌት የሚያሠራ ተማሪ ትእዛዙን ይልካል፤ ይጠብቃል፤ ስክሪኑ ግን ባዶ ነው። ከዚያም «ፕሮግራሙ አልሠራም» ብሎ ያቋርጠዋል፤ አለዚያም «ኔትወርኩ ነው» ብሎ ይተወዋል። በእኛ እምነት ሁለቱም የችኮላ ፍርዶች ናቸው።

በቅድሚያ ርቀትን ከክሱ ነጻ እናውጣ። ብርሃን በኦፕቲካል ፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ 600 ኪሎ ሜትር ለሚረዝም መስመር የሚያስፈልገው 3 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። መስመሩ ሊቆራረጥ ይችላል፤ ርቀቱ ግን ለአንድ ሰዓት ዝምታ ምክንያት አይሆንም።

ዋነኛው ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከመናኸሪያችን ልማድ ጋር ይመሳሰላል። ባጃጅ አንድ ሰው እንደያዘች ትነሣለች፤ ወደ ሐረር የሚሄደው ሚኒባስ ግን ካልሞላ አይንቀሳቀስም። ፕሮግራምም ለተርሚናል የሚጽፍ ከሆነ ውጤቱን በየመስመሩ ይልካል። በሴኪውር ሼል አንድ ትእዛዝ ብቻ ስንልክ ግን በወዲያኛው ጫፍ እንደ ልማዱ ተርሚናል አይከፈትም። በመሆኑም ፕሮግራሙ ውጤቱን ባፈር በሚባል ጊዜያዊ ማቆያ እያጠራቀመ፣ ብዙውን ጊዜ 4,096 ወይም 8,192 ባይት እስኪሞላ ይጠብቃል። በሰላም ሲፈጽም የቀረውን አራግፎ ይወጣል፤ በኃይል ከተገደለ ግን በማቆያው ያለው አብሮት ይጠፋል። ትዕግሥት ያጣ ተማሪ የሚፈልገውን ውጤት በገዛ እጁ ሊደመስስ ይችላል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ከምድር 24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል የራቀችው ቮያጀር 1 ትርጉም የለሽ መረጃ መላክ ጀመረች። መሐንዲሶቹ «አበቃላት» አላሉም። ሞገዷ መድረሱን፣ ትእዛዝም መቀበሏን ለየብቻ አረጋገጡ። ጥፋቱንም መረጃ በሚያዘጋጀው ኮምፒውተር አንድ የማስታወሻ ቺፕ ላይ አገኙት። ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ 45 ሰዓት ያህል እየጠበቁ፣ በኤፕሪል 2024 የጤንነቷን መረጃ እንደገና ማንበብ ቻሉ።

የእኛም ተማሪ በዚሁ ሥርዓት ሊሄድ ይገባል። አንደኛ፣ ቀኑን ብቻ የሚጠይቅ ቀላል ትእዛዝ ልኮ መስመሩን ይፈትን። ሁለተኛ፣ የስህተት መልእክት ከውጤቱ በተለየ መንገድ ስለሚወጣ ሁለቱን በየፋይላቸው ያስቀምጥ። ሦስተኛ፣ የመውጫ ቁጥሩን ይመልከት፤ 0 ፕሮግራሙ «በሰላም ፈጽሜያለሁ» ማለቱ ሲሆን፣ ሴኪውር ሼል ራሱ ሲሰናከል የሚመልሰው 255 ነው። አራተኛ፣ ፕሮግራሙ ማቆያውን በየጊዜው እንዲያራግፍ ይዘዝ፤ በፓይተን ‹ፍላሽ› የተባለው ትእዛዝ ለዚህ ያገለግላል። ረጅም ስሌት ከሆነም መስመር ሲቋረጥ እንዳይቆም በ‹ቲመክስ› ውስጥ ያስኪደው።

እኛ መምህራንም ከተጠያቂነት አናመልጥም። ፕሮግራም መጻፍን እናስተምራለን፤ ውጤቱ በየት በኩል እንደሚመጣ ግን አናስተምርም። ከዚያም ባዶ ወረቀት ይዞ ለመጣ ተማሪ ዜሮ ሰጥተን እንሸኘዋለን። ሽቦው የተበጠሰ ቮልት ሜትር ዜሮ ቢያሳይ «ቮልቴጅ የለም» ብሎ የሚጽፍ ተማሪን ግን በላቦራቶሪ እናርመዋለን። ይኸው እርማት ለኮምፒውተሩም ይገባዋል። «መልስ የለም» ብሎ ከመጻፍ በፊት «መልሱ የት ቆመ?» ብሎ መጠየቅ የሳይንስ ትምህርት አካል ይሁን እንላለን።