ሩዋንዳን ጥሩልን፤ ግን ከወረዳው ጀምሩ



«ከጭፍጨፋ የወጣ አገር መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጠንካራ መሪ ነው፤ ወረዳና ቀበሌው ቆይቶ ይስተካከላል» የሚሉ ወንድሞች በዝተዋል። ማስረጃ ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፦ ሩዋንዳን እዩ። እሺ፣ እንያት። የኪጋሊን ንጹህ አስፋልት ብቻ ግን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1994 በ100 ቀናት ያን ሁሉ ሕዝብ የጨረሰው ወታደርና ኢንተርሃምዌ ብቻ አልነበረም። ኮሚዩን የሚሉት፣ በእኛ አነጋገር ወረዳው፣ አብሮ ሠርቷል። ሁቱ ወይም ቱትሲ ተብሎ የተጻፈበትን መታወቂያ የሚሰጠው እሱ ነበር። ማን የት ቤት እንደሚኖር የሚያውቀውም እሱ ነው። ኬላ ላይ የቆመው ገዳይ የሚጠይቀው ያንኑ ካርድ ነበር።

የታባ ወረዳ ሹም የነበረውን ዣን ፖል አካዬሱን ውሰዱ። መምህር የነበረ ሰው ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግድያው ወረዳው እንዳይገባ ተከላክሏል። ኤፕሪል 18 የጊዜያዊው መንግሥት ባለሥልጣናት የወረዳ ሹሞችን ሰበሰቡ፤ ከዚያ ወዲያ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። በ1998 የአሩሻው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ያለው የመጀመሪያው ተከሳሽ እሱ ነው። የቡታሬው አስተዳዳሪ ዣን ባፕቲስት ሃብያሊማና ግን (ስሙ ከሟቹ ፕሬዚዳንት ጋር እንዳይምታታባችሁ) እምቢ አለ። አካባቢው ለሁለት ሳምንት ገደማ ከጅምላ ግድያ ተረፈ። ከላይ አነሱት፤ ጭፍጨፋው ጀመረ፤ እሱም ተገደለ።

ሱብሃነላህ! ሁለቱንም ያሾራቸው ከላይ ያለው እጅ ነው። የወረዳ ሹሙን የሚሾመው ፕሬዚዳንቱ ነበር።

ጥገናውም የጀመረው ከዚያው ነው። ብሔር ከመታወቂያ ላይ ወጣ። እስር ቤቶቹ ከ100 ሺህ በላይ ተጠርጣሪ ሲያጨናንቃቸው ዳኝነቱ ወደ መንደር ወረደ፤ ጋቻቻ። ዳኞቹ ሕዝቡ ራሱ ታማኝ ብሎ የመረጣቸው፣ ደመወዝ የሌላቸው የመንደር ሰዎች ነበሩ። እስከ 2012 ድረስ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ መዝገብ ዘጉ። መደበኛው ፍርድ ቤት ልሥራው ቢል ተከሳሾቹ በእርጅና ያልቁ ነበር።

ጋቻቻ እንከን የለውም አላልንም። በአርፒኤፍ ወታደሮች የተገደሉ ሰዎች ጉዳይ እዚያ አልታየም፤ ይህ ዙልም ነው። በ2006 ደግሞ 106ቱን ወረዳዎች ወደ 30 ሰበሰቧቸው፤ ከንቲባዎቹም ኢሚሂጎ የሚባል የሥራ ቃል ኪዳን ከፕሬዚዳንቱ ጋር ይፈራረማሉ። በዚህ ብዙ ሥራ ተሠርቷል፣ አንክድም። ግን ከንቲባው ሲፈርም ፊቱ ወዴት ዞሯል? ወደ ላይ። የአካዬሱም ፊት ወደዚያው ነበር። ላይ ያለው ሰው ደግ እስከሆነ ደህና፤ ሲለወጥስ?

ለእኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ቀይ ሽብርን ያዩ አዛውንት ጠይቁ፤ ቀበሌ ማለት እስር ቤት ነበር። ብሔር የተጻፈበት መታወቂያም የሩዋንዳ ብቻ አልነበረም። ታዲያ በየአዳራሹ ስለ ዕርቅና ስለ ሽግግር ፍትሕ ሲወራ ቀበሌው ለምን ይረሳል? ሥልጣን አማና ነው ካልን፣ የሰፈራችሁን ሊቀ መንበር ማን መረጠው? ነገ «ጎረቤቶችህን መዝግበህ ላክ» የሚል ደብዳቤ ከላይ ቢመጣለትና እምቢ ቢል፣ የሚያስጥለው ማን ነው?