ማሰሮውን አድንቀን፣ ሠሪዋን ንቀን

እንግዳ ሲመጣ ወላይታ ሶዶን የምናስጎበኘው እኛው ተማሪዎች ነን። ጠዋት ሙዚየም፤ ከሰዓት በኋላ ዱንጉዛ የለበሱ ወጣቶች በሆቴል ግቢ የጊፋታን ጭፈራ ሲጨፍሩ ማየት። ጊፋታ የመስከረም በዓል ነው፤ በግንቦት ለፎቶ ሲጨፈር ምን ይባላል? ይሁን ግዴለም፤ እንግዳውም ደስ ይበለው፣ ልጆቹም እንጀራቸውን ይብሉ።

እኛን የሚያንገበግበን ሌላ ነው። መስታወት ውስጥ ያለውን ማሰሮ እያሳየን «የአባቶቻችን ጥበብ!» እንላለን። የምን አባቶች? ሸክላውን የሠሩት እናቶች ናቸው፤ ያውም «ጭናሻ» ተብለው ከማዕድና ከጋብቻ የተገለሉ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ ንቀቱን ግን ማን ይሻረው? ገበያ ወርደን ማሰሮዋን በርካሽ ለመውሰድ ስንከራከርማ አንደኛ ነን!

«ይሄ እኮ ድሮ ቀርቷል» የሚለን ጓድ ካለ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ ላገባ ነው ብሎ ዛሬውኑ ለቤተሰቡ ይጻፍ፤ መልሱንም በሚቀጥለው እትም እናትምለታለን።