ከግንቡ ይልቅ ማበጠሪያውን አንሱልኝ

ውጭ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይሄ በተለይ ለእናንተ ነው። እንግሊዝ የገባችሁ ደሞ በደንብ አንብቡት።

እረፍት በደረሰ ቁጥር ፌስቡኬ በግንብ ይሞላል። ታወር ኦፍ ለንደን፣ ሃምፕተን ኮርት፣ ዊንዘር። ከፊት እናንተ፣ ከኋላ ግንቡ። አምሮባችኋል፣ ላይክም አደርጋለሁ። ግን እንደ ታሪክ መምህር ልናገርና፣ እነዚህ ፎቶዎች ከሚያሳዩት የሚደብቁት ይበልጣል። ማን ድንጋይ ተሸከመ፣ ማን ጠረገ፣ ማን አበሰለ፣ አይታይም።

ሃምፕተን ኮርትን ውሰዱ። ሁላችሁም በሩ ላይ ነው የምትነሱት። ወጥ ቤቱን ያነሳ አንድ ልጅ ብቻ አይቻለሁ። በሄንሪ 8ኛ ዘመን ያ ወጥ ቤት በመቶዎች ለሚቆጠር ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ምግብ ያወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1526 ለንጉሡ ቤት የወጣው ሥርዓት የወጥ ቤት ልጆች ራቁታቸውን እንዳይሠሩ ይከለክላል። አስቡት እስቲ፣ የሚከለከለው እኮ ሲደረግ የነበረ ነገር ነው።

ፖርትስመዝ የሚሄድ ካለ ደሞ ሜሪ ሮዝን እንዳያልፍ። የሄንሪ የጦር መርከብ ናት። በ1545 ንጉሡ ከባሕሩ ዳር ቆሞ እያየ ሰጠመች፣ በ1982 ወጣች። ወደ 500 ከሚጠጋው ሰው የተረፈው ጥቂት ነው። ከ19,000 በላይ ዕቃ ተገኝቷል፤ ጫማ፣ ቀስት፣ የሐኪሙ ሣጥን፣ ከ80 በላይ የቅማል ማበጠሪያ። አንዳንዱ የእንጨት ሳህን ላይ ባለቤቱ ምልክት ጭሮበታል። መርከበኛው ፊደል ይቁጠር አይቁጠር እንጃ፣ "የኔ ነው" ብሏል።

የማበጠሪያውን ፎቶ አንዷ ተማሪዬ ልካልኝ በስልኬ ክፍል ውስጥ አዞርኩት። ስለ ንጉሡ ስድስት ሚስቶች ሳወራ የሚያንቀላፋው የኋላ ወንበር ነቃ። "ቲቸር፣ እነሱም ቅማል ነበራቸው?" አለኝ አንዱ። ሳቅን፣ ግን ጥያቄው ቀላል አይደለም። ልጆቻችን አውሮፓ ከጥንቱም አምሮበት የተፈጠረ ይመስላቸዋል። የክፍሉ ግማሽ ልቡ እዚያ ነው ያለው። የእናንተ ግንብ ደሞ ይሄንን ያጠናክርላቸዋል።

ዊንዘር ላይ ሌላ ነገር አለ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ውስጥ ፎቶ ማንሳት ክልክል ስለሆነ ከውጭ ተነስታችሁ ትመለሳላችሁ። ሄንሪ 8ኛ የተቀበረው እዚያ ነው። ያሰበው ትልቅ መቃብር ሳያልቅ ቀርቶ ዛሬ በላዩ ያለው ጥቁር ንጣፍ ድንጋይ ነው። እዚያው ዊንዘር ደሞ የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ አለ። ከመቅደላ እ.ኤ.አ. በ1868 ተወሰደ፣ በ1879 በ18 ዓመቱ ሞተ። አፅሙ ይመለስ ሲባል በ2023 ቤተ መንግሥቱ የሌሎቹን ሳይነካ ማውጣት እንደማይቻል መለሰ። ዊንዘርን ፖስት አድርጎ ስሙን የማይጠቅስ ልጅ ሳይ፣ እውነት ለመናገር፣ እናደዳለሁ። ፎቶው ቢከለከል ሁለት መስመር መጻፍ ማን ከለከለ?

ስለዚህ ዕቃ ስታነሱ አጠገቡ ያለውን መግለጫም አብራችሁ አንሱ፤ ያለሱ ለክፍል አይሆነኝም። ኢንቦክስ ላኩልኝ። ግንቡንም ላኩ፣ እናንተን ቆርጬ አስተምርበታለሁ።