ሸጎሌ የማን ስም ነው?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

 

የታክሲ ረዳት «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» እያለ ሲጣራ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ተሳፋሪው ይገባል፣ ሒሳቡን ይከፍላል፣ ወራጅ አለ ብሎ ይወርዳል። ስሙ ከየት እንደመጣ ግን ቆም ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የቤኒሻንጉል ገዥ የነበሩት ሸይኽ ኾጀሌ አል-ሐሰን በዚያ አካባቢ ግቢ ነበራቸው። «የሸኽ ኾጀሌ ሰፈር» እየተባለ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ስሙ እያጠረ ሄዶ ሸጎሌ ሆነ። አዋጅ አልወጣለትም፣ ሪባን አልተቆረጠለትም። ሕዝቡ ጠራው፣ ጸና። እኛ ደግሞ ስሙን ይዘን ባለቤቱን ረሳን።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማችን በፍጥነት እየተለወጠች ነው። መንገድ ይሰፋል፣ ሰፈር ይፈርሳል፣ አዲስ ሕንፃ ይቆማል፣ አዲስ ስምም ይወጣል። በዚህ መሐል «ስሙን የሚያወጣው ማነው? ነዋሪው ተጠይቋል ወይ? የፈረሰው ሰፈር ስምስ የት ይገባል?» ብሎ መጠየቅ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ለማየት እስካሁን የመጣንበትን መንገድ እንመልከት።

አዲስ አበባ በ1879 ስትቆረቆር ቦታው ስም አልባ ሜዳ አልነበረም። ፍል ውኃው የሚገኝበት ስፍራ ፊንፊኔ ይባል ነበር። ጉለሌ የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው፤ ዛሬም ክፍለ ከተማ ሆኖ ይጠራል። ከዚያ መኳንንቱ ከነሠራዊታቸው በየተመሩበት ሲሰፍሩ ራስ ካሳ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር ተባለ። የእጅ ባለሙያዎች የሰፈሩበት ሠራተኛ ሰፈር፣ ከብት የሚሸጥበት ሰንጋ ተራ ሆነ። ስሙ ማን እንደኖረና ምን እንደተሠራ የሚናገር ምስክር ነበር።

በሚያዝያ 1928 ጣሊያን ከተማዋን ያዘ። ከተማዋን በዘር ከፋፍሎ ነጩን ለብቻ፣ አገሬውን ለብቻ ለማስፈር ፕላን አወጣ። ገበያውን ከአራዳ አንስቶ ወደ ምዕራብ ወሰደና «የአገሬው ሰዎች ገበያ» አለው። መርካቶ የሚለው ቃል ከዚያ የቀረ ነው። ፒያሳም የጣሊያንኛ ቃል ነው። ካዛንቺስ ደግሞ ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ተቋም ስም ነው፤ «ካዛ» ቤት ሲሆን «ኢንቺስ» የተቋሙ ምህጻረ ቃል ነው። በዚያው ዘመን በአራዳ ስመ ጥር የነበረው የሕንዳዊው ሙስሊም ነጋዴ የመሐመድ አሊ ኩባንያ ከአገር ተባረረ፤ ስሙ ግን በፒያሳ ሕንፃ ላይ ቀረ።

ከነጻነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ የድሉንና የመከራውን ቀን በአደባባይ ጻፉ። አራት ኪሎ ላይ ሚያዝያ 27፣ ስድስት ኪሎ ላይ የካቲት 12 ተሰየመ። ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች አደባባይ በስሟ ተጠራ፤ በሜክሲኮ ከተማም በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይና የባቡር ጣቢያ አለ። ቸርችልም ጎዳና ተሰጠው። የንጉሡ የራሳቸው ስም ደግሞ በዩኒቨርሲቲው፣ በቴአትር ቤቱ፣ በሆስፒታሉ ላይ ሰፈረ።

1967 ሲገባ ደርግ መጣ። ዩኒቨርሲቲው የአዲስ አበባ፣ ቴአትር ቤቱ ብሔራዊ፣ መስቀል አደባባይ አብዮት አደባባይ ተባሉ። ትርፍ ቤትንና የከተማ ቦታን በወረሰው በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ቀበሌ ተቋቋመ። ሰፈር በወረቀት ላይ ቁጥር ሆነ፤ ከፍተኛ ስንት፣ ቀበሌ ስንት፣ የቤት ቁጥር ስንት። ግንቦት 1983 ላይ የሌኒን ሐውልት ወረደ፣ አደባባዩም መስቀል ወደሚለው ስሙ ተመለሰ። በእምነት ባንጋራውም ይህ መመለስ ትክክል ነበር። ያለ ፈቃዱ ስሙ የተነጠቀ ሕዝብ ስሙ ሲመለስለት ሐቅ ነው፤ ለራሳችን የምንሻውን ለጎረቤታችን መንፈግ አይገባንም። በ1990ዎቹ ደግሞ ብዙ መንገዶች በአፍሪካ አገሮችና መሪዎች ስም ተሰየሙ። የቦሌ መንገድ «አፍሪካ ጎዳና» ተባለ። እስቲ ዛሬ ታክሲ ውስጥ ገብታችሁ «አፍሪካ ጎዳና አውርደኝ» በሉ። ረዳቱ ዞሮ ያያችኋል፤ ምክንያቱም እሱ የሚያውቀው ቦሌን ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? በአዋጅ ብቻ የቆመ ስም ከአዋጁ ጋር ይወድቃል። ሕዝብ በኑሮው ያሰረው ስም ግን መንግሥት ቢለዋወጥም ይቆያል። ካዛንቺስና መርካቶ ከወራሪ የመጡ ስሞች ናቸው። ጣሊያን ከወጣ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስሞቹ የቀሩት እኛ ስለወደድነው ሳይሆን በውስጣቸው ስለተወለድንባቸው፣ ስለነገድንባቸው፣ ስለሰገድንባቸው ነው። መርካቶ ከገባን በኋላ እኮ ራሳችን ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ምን አለሽ ተራ ብለን በሥራችን ስም ሞላነው።

የዛሬው ለውጥ ከቀድሞው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ንጉሡም ደርግም ታፔላ ቀየሩ፤ ሰዉ ግን በቦታው ስለነበር የቀድሞውን ስም በአፉ ጠበቀው። አሁን ግን ከታፔላው በፊት የሚነሳው ሰው ነው። በ2016 ከፒያሳ፣ በ2017 ከካዛንቺስ ብዙ ቤተሰብ ተነስቶ ወደ ከተማዋ ዳር ሄዷል። ስሙን የሚሸከመው አፍ ከሄደ ስሙ በማን ይጸናል?

በማስተምርበት መድረሳ በምዝገባ ሰሞን አንድ ልጅ አድራሻው ላይ «ካዛንቺስ» ብሎ ጻፈ። ቤታቸው መፍረሱን ስለማውቅ «አሁን የምትኖረው የት ነው?» አልኩት። «ኡስታዝ፣ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሰፈራችን ግን ካዛንቺስ ነው» አለኝ። ልጁ የተሳሳተ አይመስለኝም። የብሎክ ቁጥር ቤቱን ያሳያል እንጂ ማን ልጅ እንደሆነ፣ እነማን እንዳሳደጉት፣ የየትኛው መስጂድ ጀመዓ እንደነበረ አይናገርም።

ዲናችን ስምን ቀላል ነገር አላደረገውም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጥፎ ትርጉም ያላቸውን ስሞች በመልካም ይለውጡ ነበር። የሥሪብ መዲና የሆነችው በእሳቸው ነው። ነገር ግን መካም፣ በድርም፣ ኡሑድም በስማቸው ቀሩ። ያገኙትን ስም ሁሉ አልፋቁም፤ የለወጡት ለመለወጥ ምክንያት ያለውን ነው። በሱረቱል ሑጁራትም አላህ (ሱ.ወ) በመጥፎ ስም መጠራራትን ከልክሎናል፤ ሕዝቦችና ጎሳዎች ያደረገንም እንድንተዋወቅ መሆኑን ነግሮናል። ሰው ያለ ስም አይተዋወቅም፤ ሰፈርም እንደዚያው።

አንዳንድ ወንድሞች «ሰው ቤቱን ባጣበት ሰዓት ስለ ስም ታወራለህ?» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ከቤቱ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ ቤተሰብ በእጁ ያለው አሮጌ ወረቀት «ከፍተኛ ይህን ያህል፣ ቀበሌ ይህን ያህል» ይላል። ከ1995 ወዲህ ክፍለ ከተማ መጣ፣ በኋላም ቀበሌው በወረዳ ተተካ። ወራሽ መብቱን ሲጠይቅ በወረቀቱ ላይ ያለው ቦታና ዛሬ የሚጠራው ቦታ አንድ መሆኑን ማስረዳት አለበት። የመስጂድ ይዞታ፣ የወቅፍ ቤት፣ የመቃብር ቦታ ጉዳይም ከዚህ አይለይም። አባቶቻችን «እገሌ ሰፈር፣ ከወንዙ ማዶ» ብለው የጻፉት ሰነድ፣ ሰፈሩን በስሙ የሚያውቅ ሰው ሲጠፋ ባዶ ወረቀት ሊሆን ይችላል። ስም መረጃ ነው፤ መረጃ የሌለው ሐቁን ለማስከበር ይቸገራል።

ሌላው ወገን ደግሞ «እንግዲያው መንገዶቹ በሙስሊሞች ስም ይቀየሩልን እንበል» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የሌላውን ስም አውርዶ የራስን መስቀል ሦስቱም መንግሥታት የሄዱበት መንገድ ነው፤ መጨረሻውንም አይተናል። ዛሬ የእኛ ስም በሌላው ላይ ቢሰቀል፣ ነገ ሌላው በእኛ ላይ ይሰቅላል። የምንጠይቀው የማንንም ስም ማውረድ ሳይሆን ያለው እንዳይፋቅ፣ የተረሳው እንዲታወስ፣ አዲሱም በምክክር እንዲሰየም ነው።

ስለዚህ ለከተማው አስተዳደር ጥያቄያችን ግልጽ ነው። አንደኛ፣ ሰፈር ሲፈርስ የቀድሞ ስሙና ታሪኩ በቦታው ላይ ተጽፎ ይቁም። ሁለተኛ፣ አዲስ ስም ከመውጣቱ በፊት የተነሳውም የቀረውም ነዋሪ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ የድሮውን ከፍተኛና ቀበሌ ከዛሬው ወረዳ ጋር የሚያገናኝ መዝገብ ማንም ዜጋ ሊያየው በሚችልበት ቦታ ይቀመጥ። ይህ ለሙስሊሙ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። የራጉኤልንም የአንዋርንም ጎረቤት እኩል ይጠቅማል።

ከመንግሥት ብቻ የምንጠብቀው ግን ሊሆን አይገባም፤ የራሳችን ድርሻ አለ። የየመስጂዱ ኮሚቴ አሮጌ ሰነዶቹን አውጥቶ በድሮና በአሁን አድራሻ ይመዝግብ፣ ቅጂ ያስቀምጥ። ወጣቶች ስልካችሁን ለዚህም አውሉት፤ ከሶላት በኋላ በመስጂዱ ጥግ የሚቀመጡትን አባት፣ ቤት ያሉትንም እናት «ይህ ቦታ ድሮ ምን ይባል ነበር? እነማን ይኖሩበት ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ድምፃቸውን ቅዱ፤ ስማቸውንና ቀኑን ጻፉ። የመድረሳ መምህራንም ለተማሪዎቻችን የሰፈራቸውን ስም ታሪክ ከአያቶቻቸው ጠይቀው እንዲመጡ የቤት ሥራ እንስጥ። እኔ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ በክፍሌ እጀምራለሁ፤ ኢንሻአላህ።

ሸይኽ ኾጀሌን ያስታወሰን መጽሐፍ ወይም ሐውልት አይደለም፤ በየቀኑ ስሙን የሚጠራ ሕዝብ ነው። ዛሬ ሽማግሌዎቻችን በሕይወት አሉ፤ የሚያውቁትን ስም ሁሉ ገና አልወሰዱትም። የፊታችን ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ከአንዱ አባት አጠገብ ቁጭ እንበል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።